የማንኪያዎቹን ክፍል አትለፊው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለትምህርት ሴንት ፒተርስበርግ ነው ያለሁት። የሩሲያ ሙዚየም ሄጄ ትልልቆቹን ሥዕሎች አየሁ፤ በጣም ወደድኳቸው። ከዚያ ማንኪያ፣ የእንጨት ሳህን፣ የሸክላ አሻንጉሊትና ቀለም የተቀባ ሳንቃ የሞላባቸው ክፍሎች ገባሁና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወጣሁ። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ እኮ መንገድ ዳር ለቱሪስት ይሸጣል። ለምንድነው ከእነዚያ ሥዕሎች ጋር አንድ ጣሪያ ስር የሚያስቀምጡት? ሁለተኛ ብሄድስ እንዴት ልየው?»

እህቴ፣ ሳትሸፋፍኚ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እዚያ ክፍል ገብቶ ወዲያው የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የኔ ሙያ የሥዕልና የቅርስ ጥገና ስለሆነ፣ አንዳንዱን ነገር ከአሠራሩ ተነስቼ ነው የምነግርሽ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ትልልቆቹ ሥዕሎች ላይ ያየሽው ገበሬ ሌላ ሰው የሣለው ገበሬ ነው። የማንኪያዎቹ ክፍል ውስጥ ግን የሚሠራው ገበሬው ራሱ ነው፣ ቀለም የሚመርጠው ራሱ ነው፣ ምን ያምራል ምን አያምርም ብሎ የሚወስነውም ራሱ ነው። አንዱን አይተሽ ሌላውን ከዘለልሽ፣ ሰውየው ሲወራለት ሰማሽ እንጂ ሲናገር አልሰማሽም።

ረዘም ይላል፤ ግን ላስረዳሽ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ትንሽ። ሙዚየሙ ያለበትን ሚኻይሎቭስኪ ቤተ መንግሥት የነደፈው ካርሎ ሮሲ ነው። ከ1819 እስከ 1825 ለንጉሣዊው ቤተሰብ መኖሪያ ነበር የተሠራው። ኒኮላይ ሁለተኛ በ1895 በአባቱ በአሌክሳንደር ሦስተኛ ስም ሙዚየም እንዲሆን አዘዘ፤ በ1898 ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ስብስቡ ከ400,000 በላይ ነው። ለጥያቄሽ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1902 ሙዚየሙ የኢትኖግራፊ፣ ማለትም የሕዝቦችን አኗኗር የሚያጠና፣ ክፍል ተቋቋመለት፤ የገበሬው ዕቃ ወደዚያ ሄደ። ለዚህ ክፍል እዚያው ጎን ሌላ ትልቅ ሕንፃ ተሠራና በ1923 ተከፈተ፤ በ1934 ደግሞ ራሱን ችሎ ተለየ። ያ ነው ዛሬ አጠገቡ የምታዪው የሩሲያ ኢትኖግራፊ ሙዚየም። እንግዲህ ዕቃው ወደ ጎረቤት ሲሄድ «የአኗኗር ማስረጃ» ተብሎ ነው የሄደው። ከዚያ በ1930ዎቹ መጨረሻ የሩሲያ ሙዚየም ዞር ብሎ የራሱን የሕዝብ ጥበብ ክፍል አቋቋመ። «ይህም ጥበብ ነው» አለ ማለት ነው። አንቺ በአምስት ደቂቃ የወጣሽበት ክፍል የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው። እኔ ውሳኔው ትክክል ነው ባይ ነኝ።

አሁን ወደወደድሻቸው ሥዕሎች እንመለስ። የብሩሎቭ «የፖምፔ የመጨረሻ ቀን» ቁመቱ 4 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የአይቫዞቭስኪ «ዘጠነኛው ማዕበል»ም እዚያው አለ። ፊታቸው ሲቆሙ ልብ ይመታል፤ መውደድሽ ተገቢ ነው። ግን ልብ በይ፤ የፖምፔው ሥዕል የተሣለው ጣሊያን አገር ነው፣ ታሪኩም የጣሊያን ነው። በዚያን ዘመን አንድ ጎበዝ ሠዓሊ የሚባለው ሮም ሄዶ ሲመለስ ነበር። የአገሩ ገበሬ ለትልቅ ሸራ የሚመጥን ርዕስ ተደርጎ አይታይም ነበር።

ይህን ቀድሞ የደፈረው አሌክሲ ቬኔትሲያኖቭ ነው። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ገጠር ገብቶ የእህል መውቂያ ቤት ውስጡን ሣለ። ብርሃኑ እንደሚፈልገው አልገባለትም፤ የመውቂያ ቤቱን አንድ ግድግዳ በመጋዝ አስቆረጠው! ሥዕሉ እዚያው የሩሲያ ሙዚየም ውስጥ ነው። ቀረብ ብለሽ እዪው፤ መሬቱ ላይ የተበተነው እህል፣ ፈረሶቹ፣ ከኋላ የሚገባው የቀን ብርሃን። ያማረ ነው። ሰዎቹ ግን ቁጭ በሉ፣ ቁሙ እንደተባሉ ያስታውቃል።

ከቬኔትሲያኖቭ ተማሪዎች አንዱን በስሙ ያዢልኝ፦ ግሪጎሪ ሶሮካ። ሶሮካ የባለርስት ንብረት ሆኖ የተወለደ ገበሬ ነው። ቬኔትሲያኖቭ ተሰጥኦውን አይቶ አስተማረው፤ ነፃ እንዲያወጡት ጌታውን ለመነ፤ ጌታው እንቢ አለ። «ዓሣ አጥማጆች» የሚለው ሥዕሉ ሙዚየሙ ውስጥ አለ። ጸጥ ያለ ውኃ፣ ጸጥ ያሉ ሰዎች፣ ምንም የማይጮህ ሥዕል ነው፤ አልፈሽው ልትሄጂ ትችያለሽ። ገበሬዎቹ በ1861 በሕግ ነፃ ወጡ። ሶሮካ ከዚያ በኋላ በባለርስቱ ላይ አቤቱታ ካቀረቡት መካከል ስለነበረ ግርፋት ተፈረደበት፤ በ1864 ራሱን ሰቀለ። እነዚያ አዳራሾች ውስጥ ካሉት ሠዓሊዎች ገበሬውን ከውስጥ የሚያውቅ ብትዪኝ መጀመሪያ የምጠራልሽ እሱን ነው።

ቀጥሎ የመጡት ተቆጡ። በ1863 የሥነ ጥበብ አካዳሚው ለምረቃ ውድድር «የኦዲን ግብዣ በቫልሃላ» የሚል የስካንዲኔቪያ አማልክት ርዕስ ሰጣቸው። 14 ተማሪዎች፣ ክራምስኮይ ፊት መሪያቸው ሆኖ፣ አንስልም ብለው ወጡ። በ1870 ተዘዋዋሪ የሥዕል ዐውደ ርዕይ የሚያዘጋጅ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1871 የመጀመሪያውን አሳዩ። ሥዕሉን ጭነው ከተማ ለከተማ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ቤተ መንግሥት ገብቶ ሥዕል አይቶ የማያውቅ ሰው በከተማው አየ። እኔ ስለ ሩሲያ ሥነ ጥበብ ስጠየቅ ከማንኛውም ሥዕል በፊት ይህን የማነሳው፣ ጥበብን ለማን እናሳይ የሚለውን ጥያቄ በተግባር ስለመለሱት ነው።

ሬፒንም ከዚህ ወገን ነው። «የቮልጋ ጀልባ ጎታቾች»ን ከ1870 እስከ 1873 ሠራው። 11 ሰዎች መርከብ በገመድ ይጎትታሉ። ከፊት ያለው ካኒን ይባላል፤ ቅስናውን የተገፈፈ ሰው ነበር፤ ሬፒን ቮልጋ ወርዶ ነው ያገኘው። ፊቱን አይተሽ ከሆነ አትረሺውም።

እንግዲህ ቆጥረሽ እዪ። ቬኔትሲያኖቭ ያማረ ገበሬ ሣለ። ሬፒን የተጎዳ ገበሬ ሣለ። ሁለቱም ገበሬውን ከልባቸው ያከብሩታል። ግን ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱም ያ የተጎዳ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አይነግርሽም። እሱን የሚነግርሽ የማንኪያው ክፍል ነው።

እዚያ ስትገቢ መጀመሪያ አንበሳውን ፈልጊ። ከቮልጋ መንደሮች የመጣ ወፍራም ሳንቃ ነው፤ የቤት ግንባር ላይ ከጣሪያው ሥር በአግድም የሚመታ። ቅርጹ በጥልቅ ተጠርቦ ከሳንቃው ወጣ ብሎ ይታያል። አንበሳው ፊቱ የሰው ፊት ነው ማለት ይቻላል፤ ይስቃል። ጭራው ወደ ላይ ይጠመዘዝና ጫፉ ላይ ቅጠል ይሆናል። ጠራቢው አንበሳ በዓይኑ አላየም፤ ማየትም አላስፈለገውም። አንበሳ ቤት ጠባቂ ነው፣ ቤቱ ደግሞ የቤተሰብ ነው፣ ስለዚህ ይስቃል። ይህ የጥርብ ዓይነት ከመርከብ ጠራቢዎች የመጣ ነው ይባላል፤ የቮልጋ የእንጨት መርከቦች በእንፋሎት መርከብ ሲተኩ ጠራቢዎቹ እጃቸውን ወደ ቤት ሥራ አዞሩ። አየሽ? ሬፒን ጎታቾቹን የሣለበት ወንዝ ነው፤ ዘመኑም ያው ነው። ሥዕሉ ላይ የደከመው ቮልጋ አለ፤ እዚህ የሚስቀው ቮልጋ አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ቀጥሎ «ቀለም የተቀባ ሳንቃ» ያልሽው። መቼም ፕሪያልካ መሆን አለበት። ፕሪያልካ የመፍተያ ዕቃ ነው። የኛ እናቶች ጥጥ ሲፈትሉ እንዝርት እንጂ ይህን አይጠቀሙም፤ የሩሲያ ሰሜን ግን ጥጥ አያበቅልም፤ የሚፈትሉት ተልባ ነው። እኛ ፍሬውን ቆልተን የምንጠጣው ተልባ፣ እነሱ ጋ ግንዱ ቃጫ ሆኖ ልብስ ይሆናል፣ ፍሬው ደግሞ ተጨምቆ የሥዕል ዘይት። ፕሪያልካው ሁለት ክፍል አለው። አግድም ያለው ጠባብ ሳንቃ መቀመጫ ላይ ይሆናል፤ ሴትዮዋ ትቀመጥበታለች፣ በክብደቷ ትይዘዋለች ማለት ነው። ከጫፉ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰፊ ሳንቃ ላይ የተልባው ቃጫ ይታሰራል። በአንድ እጇ ቃጫውን እየሳበች በሌላው እንዝርቱን ታሽከረክራለች። ክረምቱ እዚያ ረጅም ነው፤ ልጃገረዶች ማታ ማታ አንድ ቤት ተሰብስበው እየፈተሉ ይዘፍኑ ነበር፣ ጎረምሶችም ይመጡ ነበር። ፕሪያልካ አባት ለሴት ልጁ፣ ሙሽራ ለእጮኛው የሚሰጠው ስጦታ ነበር።

ከሜዜን ወንዝ የመጣውን ለይተሽ እዪው። ሁለት ቀለም ብቻ ነው፦ ከቀይ አፈር የወጣ ቀይና ከጥላሸት የወጣ ጥቁር። መደዳውን ፈረስ፣ መደዳውን አጋዘን፤ እግሮቻቸው ከክር የቀጠኑ። አንገታቸው በአንድ ምት ነው የወጣው፤ ሠዓሊው እጁን አላነሳም፣ አላረመም። ወንዶች ነበሩ የሚስሉት፤ ስማቸውንና ዓመቱን የጻፉበትም አለ። ስለዚህ «ስሙ ያልታወቀ ሕዝብ ሠራው» የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

አሁን አንድ የሙያ ነገር ልንገርሽ። ቃጫው የሚታሰርበት ፊት፣ ማለትም ወደ ፈታይዋ የሚዞረው፣ ጌጡ አነስ ያለ ነው። የተትረፈረፈው ሥዕል ወደ ሰው የሚዞረው ፊት ላይ ነው። ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ይዛው መንደር ውስጥ ስታልፍ የሚታየውም ይኸው ነው። ሙዚየም ግን ብዙ ጊዜ ፕሪያልካን ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል ወይም መስታወት ውስጥ ያቆመዋል፤ ያኔ ሥዕል ይመስልሻል። ጎንበስ በይና መቀመጫውን እዪ። ለዓመታት የተቀመጡበት ከሆነ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ለስልሶ ታገኚዋለሽ። እኔ ለጥገና የመጣ ዕቃ ስይዝ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው። ያንን ልጥ ቦታ ቀለም ሞልቶ ማደስ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሰው ሕይወት ነው የምታጠፊው።

ማንኪያውና ሳህኑ ደግሞ ኾኽሎማ ይባላል። ጥቁር፣ ቀይና ወርቅማ ነው። ወርቅ ግን የለበትም! አሠራሩን ካወቅሽ በኋላ የቱሪስት ዕቃ ብለሽ አትንቂውም። ሊፓ የሚሉት ለስላሳ እንጨት በማሽከርከሪያ ይቀረጻል፣ ይደርቃል። በቀጭን ጭቃ ይለሰናል። ተልባ ዘይት እየተቀባ ይደርቃል፣ ደግሞ ይቀባል። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የቆርቆሮ ዱቄት ይታሽበታል፤ ዛሬ አሉሚኒየም ነው የሚጠቀሙት። በዚህ ጊዜ ዕቃው ብር ይመስላል። እላዩ ላይ ቅጠሉና ፍሬው ይሣላል። ከዚያ ቫርኒሽ ይቀባና ምድጃ ይገባል። ሙቀቱ ቫርኒሹን ወደ ማር ቀለም ይለውጠዋል፤ ከሥሩ ያለው ብር በማሩ ውስጥ ሲታይ ወርቅ ሆኖ ይወጣል። ቀይና ጥቁር የበዛውም ለዚሁ ነው፤ ምድጃውን የሚችሉት ቀለሞች ጥቂት ናቸው። ብርን ከቢጫ ቫርኒሽ ሥር አድርጎ ወርቅ ማስመሰል ቅዱሳት ሥዕላት የሚስሉት ሰዎችም የሚያውቁት ዘዴ ነበር። ገበሬው ማንኪያ ላይ የደረሰው ጥበብ ከቤተ ክርስቲያን ሩቅ አልነበረም።

እንዴት ልየው ላልሽው፣ እዚህ ላይ ቀላል ዘዴ አለ። መስታወቱ ፊት ቀጥ ብለሽ ከቆምሽ የመብራት ነጸብራቅ ነው የምታዪው። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሂጂ፣ ትንሽ ዝቅ በይ፤ ወርቁ ያኔ ይበራል። እነዚህ ዕቃዎች የተሠሩት ለመስኮት ጎን ብርሃንና ለምድጃ እሳት እንጂ ከላይ ለሚወርድ የሙዚየም መብራት አይደለም። ብርሃን ሥዕልን ሊያነሳም ሊጥልም እንደሚችል ሠዓሊው ኩዊንጂ በደንብ ያውቅ ነበር። በ1880 «በዲኒፐር ላይ የጨረቃ ሌሊት»ን ለብቻው፣ አንድ ሥዕል ብቻ፣ በጨለመ ክፍል ውስጥ መብራት አብርቶበት አሳየ። ፒተርስበርግ ተሰልፎ አየው። ከኋላው መብራት ተደብቆ ይሆናል ብለው የፈለጉም ነበሩ። ሥዕሉ ዛሬ እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ የተጠቀመበት ቀለም ግን ከጊዜ ብዛት ጠቁሯል፤ ያ ሕዝብ ያየውን ብርሃን ሙሉ በሙሉ አታገኚውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁለቱ ጥበቦች አንድ ጣሪያ ስር መሆናቸው የሙዚየም ሠራተኞች ሐሳብ ብቻ አይደለም። ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ናቸው ያገናኟቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጋዴው ሳቫ ማሞንቶቭ ሞስኮ አቅራቢያ አብራምፀቮ የሚባል ርስቱ ላይ ሠዓሊዎችን ሰብስቦ ነበር። ሬፒን፣ ቫስኔትሶቭ፣ ቭሩቤል ሁሉ ሠርተውበታል። ኤሌና ፖሌኖቫ ከባለቤቱ ከኤልሳቤጥ ማሞንቶቫ ጋር እየሆነች በየመንደሩ ዞራ የገበሬ ዕቃ ሰበሰበች፤ የእንጨት ሥራ ወርክሾፑም በዚያ መሠረት አዲስ ዕቃ ሠራ። ስሞሌንስክ አጠገብ ደግሞ ልዕልት ማሪያ ቴኒሼቫ ታላሽኪኖ ላይ ተመሳሳይ ነገር አደረገች።

ከዚያ የቅዱሳት ሥዕላት ነገር መጣ። የሩሲያ ቅዱሳት ሥዕላት የሚሣሉት በእንቁላል አስኳል በተበጠበጠ ቀለም ነው፤ ከላይ የተልባ ዘይት ይቀቡታል። ያ ዘይት ከአሥርት ዓመታት በኋላ ይጠቁራል። ሲጠቁር እላዩ ላይ እንደገና ይስሉበታል፤ እላዩ ላይ ብረት ያለብሱታል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የተማረ ሩሲያዊ እንኳ የጥንቱን ሥዕል ጥቁር ሳንቃ አድርጎ ነው የሚያውቀው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባለሙያዎች ማጽዳት ጀመሩ። የአንድሬይ ሩብሊዮቭ «ሥላሴ» ብረቱ የተነሳለትና መጽዳት የጀመረው በ1904 ነው። በ1913 ሞስኮ ላይ የጸዱ ሥዕላት ዐውደ ርዕይ ተደረገ፤ ሰው ቀዩንና ሰማያዊውን ሲያይ ደነገጠ። እኛ ኦርቶዶክስ ቤት ላደግነው ይህ አይገርምም፣ የደመቀ ቀለም ከልጅነታችን እናውቃለን፤ ለእነሱ ግን የገዛ አያቶቻቸውን ቀለም እንደ አዲስ ማግኘት ነበር።

ወጣት ሠዓሊዎቹ ወዲያው ያዙት። ላሪዮኖቭ በዚያው 1913 የቅዱሳት ሥዕላት ንድፎችንና ገበያ ላይ የሚሸጡ ርካሽ የሕትመት ሥዕሎችን አንድ ላይ አድርጎ ሞስኮ ላይ አሳየ። የትዳር አጋሩ ናታሊያ ጎንቻሮቫ «ወንጌላውያን» የሚሉ አራት ረጃጅም ሥዕሎች ሠርታለች፤ እዚያው ቤኑዋ ክንፍ በሚባለው የሩሲያ ሙዚየም ሕንፃ ስብስብ ውስጥ ናቸው። በ1914 ፒተርስበርግ ላይ ባሳየችበት ጊዜ ሃይማኖታዊ ሥዕሎቿን ድፍረት ነው ብለው አስነሱባት። ሥዕሎቹ ፊት ስትቆሚ ዓይንሽ ቅዱሳት ሥዕላቱንና የእንጨት ጥርቡን ካየ፣ ድፍረት ሳይሆን ቅርበት ነው የምታዪው።

ሠዓሊውን ማሌቪችን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ ጥፋት ነው። «ጥቁር ካሬ» የሚለው ሥዕሉ መጀመሪያ የታየው በታኅሣሥ 1915 ፔትሮግራድ (ያኔ የሴንት ፒተርስበርግ ስም) ላይ ነው። የሰቀለው ግድግዳ መሃል አይደለም፤ ከጣሪያው ሥር ጥግ ላይ ነው፣ ገበሬ ቤቱ ውስጥ ቅዱስ ሥዕል በሚሰቅልበት ቦታ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በኅዳር 1915፣ ሞስኮ ላይ የተደረገ የዕደ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ነበር። ዩክሬን ውስጥ ቬርቦቭካ በምትባል መንደር ያሉ የገጠር ሴቶች በመርፌ የጠለፉት ሥራ ቀረበ። ከንድፎቹ መካከል የማሌቪች ነበሩበት። እንግዲህ ያ ዓለምን ያናወጠ የካሬና የአራት ማዕዘን ጥበብ በዘይት ቀለም ከመታየቱ በፊት በገበሬ ሴቶች ጥልፍ ታየ ማለት ነው። የሩሲያ ሙዚየም የማሌቪች «ቀይ ካሬ» አለው። ሙሉ ስሙን አንብቢ፤ ውስጡ «ገበሬዋ ሴት» የሚል አለበት። ቬኔትሲያኖቭና ሬፒን ሰውነቷን የሣሉላት ገበሬ እዚህ ቀይ ብቻ ሆናለች። ይህን ሥዕል ከጥልፉና ከሜዜን ቀይ በኋላ ማየትና እንዲሁ ዘው ብሎ ማየት አንድ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልንገርሽ። «የሩሲያ ጥበብ» የሚለው ስያሜ ራሱ ክርክር አለበት። ሬፒን የተወለደው ቹሁይቭ ነው፣ ዛሬ ዩክሬን። ኩዊንጂ ማሪዩፖል። አይቫዞቭስኪ ክራይሚያ የተወለደ አርመናዊ ነው። ማሌቪች የተወለደው ኪየቭ ከፖላንዳውያን ወላጆች ነው። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2023 የአንዳንዶቹን «ሩሲያዊ» የሚል መግለጫ ቀይሯል። በማሪዩፖል የነበረው የኩዊንጂ ሙዚየም በ2022 በጦርነቱ ተመቷል። ስለዚህ መግለጫ ላይ የተጻፈውን የትውልድ ቦታ አንብበሽ እለፊ፤ ሙዚየሙ ያልጻፈውንም ራስሽ ፈልጊ።

«መንገድ ላይ ይሸጣል» ላልሽውም መልስ አለኝ። የሚሸጠው ሁሉ ጥንታዊ አይደለም፣ የሚሸጠው ሁሉም ውሸት አይደለም። ማትሪዮሽካን፣ አንዷ በሌላዋ ውስጥ የምትገባውን የእንጨት አሻንጉሊት፣ ሁሉም ሰው የጥንት ይመስለዋል። በ1890ዎቹ ነው ሞስኮ ወርክሾፕ ውስጥ የተሠራችው፤ ቀረጻው የዝቪዮዝዶችኪን፣ ሥዕሉ የሠዓሊው የሰርጌይ ማሊዩቲን ነው ይባላል። ማሊዩቲን ደግሞ ቅድም የጠቀስኩልሽ ታላሽኪኖ ላይ የሠራው ሰው ነው። እና ማትሪዮሽካ ራሷ የተማረ ሠዓሊና የእንጨት ባለሙያ አብረው የወለዷት ናት። ፓሌኽ የሚባለው ጥቁር ሣጥንም ታሪኩ ይገርማል። የፓሌኽ መንደር ሰዎች ለትውልድ ቅዱሳት ሥዕላት ሠዓሊዎች ነበሩ። ከ1917ቱ የሩሲያ አብዮት በኋላ ሥራው ቆመባቸው። በ1924 ማኅበር አቋቁመው ያንኑ የእንቁላል ቀለም ከወረቀት ብጥብጥ በተሠራ ጥቁር ሣጥን ላይ ተረት መሣል ጀመሩ። መልአክ ይስል የነበረ እጅ የእሳት ወፍ ሣለ። ስትገዢ ርካሹን የታተመ ተለጣፊ ከእጅ ሥራ ለመለየት መስመሩን በስልክሽ ካሜራ አጉልተሽ እዪ፤ ነጠብጣብ ከሆነ ሕትመት ነው፣ የብሩሽ ጫፍ ከቀጠነ ሰው ሠርቶታል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ከተማው ውስጥ የኛን ዕቃ እዪ እልሻለሁ። ከኔቫ ወንዝ ማዶ ኩንስትካመራ የሚባል ሙዚየም አለ። ገጣሚው ኒኮላይ ጉሚሊዮቭ በ1913 ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ፣ በጂቡቲና በድሬዳዋ አድርጎ ሐረር ገብቶ የሰበሰበው ዕቃ እዚያ ነው። ዕቃው የገባው «የሕዝቦች አኗኗር» በሚለው መዝገብ ነው እንጂ በሥነ ጥበብ አይደለም። የአያትሽን ዓይነት ዕቃ እዚያ ስታዪ ምን እንደሚሰማሽ ልብ በይ፤ የቮሎግዳ ዳንቴል የምትሠራ ሴት የልጅ ልጅም ኢትኖግራፊ ሙዚየም ገብታ የሚሰማት እሱው ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን ከልደት እስከ ሞት በሰው የሕይወት ቅደም ተከተል ነው ያደራጃቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹ ደግሞ ለብቻቸው ላይኛው ፎቅ ናቸው። መከፋፈሉ እኛም ጋ አለ። እኔ በግሌ መሶብ ሰፊዋ ከሠዓሊው ጎን ስሟ ተጽፎ እንድትታይ እፈልጋለሁ፤ ይህን ስጽፍም ያንን እያሰብኩ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ስትሄጂ ቅደም ተከተሉን ቀይሪው። ማክሰኞ አትሂጂ፣ ዝግ ነው። ከቅዱሳት ሥዕላቱ ጀምሪ። እዚያ «ወርቃማ ጸጉሩ መልአክ» የሚባለውን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አግኚ፤ ጸጉሩ ላይ የወርቅ ክሮች አንድ በአንድ ተሠምረዋል። ከዚያ ብሩሎቭን ዝለዪውና ቀጥታ ወደ ሕዝብ ጥበቡ ክፍል ሂጂ፤ ገና ሳይደክምሽ ማለት ነው። ሰው እዚያ የሚሰለቸው አንድም እግሩ ዝሎ ስለሚደርስ ነው። ከዚያ ቬኔትሲያኖቭና ሶሮካ፣ ከዚያ ሬፒን። በመጨረሻ ቤኑዋ ክንፍ፣ ጎንቻሮቫና ማሌቪች። ብሩሎቭን መቼም አይተሽዋል።

ሁሉንም ዕቃ ለማየት አትሞክሪ። አንድ ፕሪያልካ፣ አንድ ሳንቃ፣ አንድ ሳህን ምረጪና እያንዳንዱ ፊት ቆየት ብለሽ ቁሚ። መግለጫው ላይ የወንዙን ወይም የመንደሩን ስም ጻፊው፤ በሌላ ቀን ጎረቤቱ ኢትኖግራፊ ሙዚየም ገብተሽ ያንኑ ስም ፈልጊ። እዚያ ያው ዓይነት ዕቃ ከልብሱና ከቤቱ ጋር ሆኖ ታገኚዋለሽ። ሙዚየሞች ዕቃ ያፈራርቃሉና የነገርኩሽ አንዱ ካልታየሽ ክፍሉን የሚጠብቁትን ሴቶች ጠይቂ፤ ሩሲያኛሽ የተሰባበረ ቢሆንም ይረዱሻል። ፎቶ ስታነሺ ፍላሽ አትጠቀሚ። ያልገባሽ ዕቃ ካለ ከነመግለጫው አንስተሽ ላኪልኝ፣ እነግርሻለሁ።